የቀይ ለባሿ ካህን የአንገት ጌጥ

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ለተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ (2011–2019 እ.ኤ.አ.) የተዘጋጀ

የጌጡ ባለቤት ሜሊሳንድር የራህሎር አገልጋይ ናት። ራህሎር አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የፈጠረው የእሳትና የብርሃን አምላክ ነው። የድራማው መነሻ በሆነው ልቦለድ፣ በ1998 በወጣው ሁለተኛ ቅጽ፣ በድራጎንስቶን ደሴት የአገሬው ሰባት አማልክት ምስሎች በእሱ ስም ይቃጠላሉ። አምላኩ በእርግጥ መኖሩን ደራሲው አይነግረንም፤ የካህናቱ አስማት ግን ይሠራል፣ ሙት እስከ ማስነሣት።

ማርቲን ለዚህ እምነት መነሻ ከሆኑት አንዱ የጥንቷ ፋርስ የዞራስተር ሃይማኖት እንደሆነ ተናግሯል። የወሰደው የብርሃንና የጨለማን ፍልሚያ ነው። እሳቱን ግን ገልብጦታል፦ በዞራስተር ተከታዮች ዘንድ እሳት ንጹሕ ስለሆነ ሬሳ እንኳ እንዲነካው አይፈቀድም፤ የራህሎር ካህናት ሰውን ከነሕይወቱ ይማግዱበታል።

በ2016፣ በድራማው ስድስተኛ ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል፣ ሜሊሳንድር ጌጡን ስታወልቅ ወጣትነቷ ይገፈፍና ጎባጣ አሮጊት ሆና ትታያለች። በአራተኛው ምዕራፍ ግን ያለ ጌጡ ገላዋን ስትታጠብ ወጣት ነበረች። ንቁ ተመልካቾች ይህን ሳይታዘቡ አላለፉም።