ቤቱን ማን ቀረጸው?

ስለ ኪነ ሕንፃ ወሬ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የአክሱም ሐውልት፣ ላሊበላና የጎንደር ግንብ ነው። ደግም ነው። ነገር ግን የአብዛኞቻችን አያቶች የኖሩት ግንብ ውስጥ ሳይሆን ጎጆ ውስጥ ነው። እኛም የምንለው አጭር ነው፦ የቤትን ቅርጽ የሚወስነው የአርክቴክቱ እጅ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የሚሠራበት ዕቃም ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይሠሩ ነበር። ግድግዳውን ያሰረው ድቡልቡል እንጨት ጫፉ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ «የዝንጀሮ ራስ» ይሉታል። ደብረ ዳሞ ላይ ዛሬም ይታያል። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ሐውልቶቹ ወጥ ድንጋይ ሆነው ሳለ የእንጨቱ ጫፍ ተቀርጾባቸዋል። ላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤልም ከአለት ተፈልፍሎ የዚያኑ ግድግዳ ድርብርብ መልክ ይዟል። ዕቃው ተለወጠ፤ ልማዱ ቀረ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከተማይቱ በ1886 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስትቆረቆር ቤቱ ክብ ነበር። ሣር ክዳን ለክብ ቤት ይመቻል፤ ዝናቡን በየአቅጣጫው ያወርደዋል። ኋላ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነው፤ ክብ ጣሪያ ላይ ልምታው ቢሉት እየተቆራረጠ ይባክናል። ታዲያ ምን ይደረግ? ቤቱ ማዕዘን አወጣ! በአካባቢው ያለው ደን ሲመናመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ደረሰ፤ ቋሚውም ማገሩም እሱ ሆነ። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቆያል፣ ከዚያ ይመረጋል። ይህን ሁሉ ማን ነደፈው? ስሙን የጻፈለት የለም።

የስሚንቶው ዘመን ግን ስም አለው። የአፍሪካ አዳራሽን (1961) የሠራው ጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱም የእሱ ነው። ክቡ የንግድ ባንክ የፈረንሳዊው አንሪ ሾሜ ነው። የአገራችን ሰው ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ሆኖ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ነድፏል። ስሚንቶና ብረት ጣሪያውን ከግድግዳው ጥገኝነት ስላላቀቁት፣ ቀድሞ ያልተቻለ ሰፊ አዳራሽና ረጅም መስኮት ተቻለ። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወት ሊሠራ የቻለውም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 ፒያሳ ላይ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። እኛ ጭቃ ቤት ሁሉ ይቆይ አንልም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤት የሌለው ቤት ቅርስ ነው ብሎ መስበክ ለማይኖርበት ሰው ቀላል ነው። ግን የሜዜዲሚ ንድፍ በወረቀት ተቀምጦለታል፤ የጭቃ ቤቱ ንድፍ ያለው በሠሪው እጅ ውስጥ ብቻ ነው። ቤቱ ሲፈርስ፣ ሠሪውም ሲያርፍ፣ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

እንግዲህ ሥራው የኛ የተማሪዎቹ ነው። ከትልልቆቹ ስሞች ጎን፣ ሰፈራችን ውስጥ ገና ያልፈረሰ አንድ ቤት እንምረጥ። እንለካው፣ እንሣለው፤ የመረገውን ሰው አግኝተን ስሙን እንጻፍ። ሜትርና እርሳስ ይበቃናል።