ሁለተኛው እግር ይቅርብኝ

የሮማው ጦር አዛዥ ጋይየስ ማሪየስ የሁለቱም እግሮቹ ደም መልሶች አብጠው ተጠማዘውበት ነበር። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን፣ ሳይታሰር፣ ትንፍሽ ሳይል አንዱን እግሩን ለቢላዋ ሰጠ። ሐኪሙ ወደ ሌላኛው ሲዞር ግን እምቢ አለ፤ ስቃዩ ከጥቅሙ በለጠበት። ታሪኩን የነገረን ፕሉታርክ ነው።

ለመሆኑ ምን ተበላሽቶ ነው? እስቲ ቁሙ። ከልባችሁ እስከ ቁርጭምጭሚታችሁ 1.2 ሜትር ቢሆን፣ ያ የደም ዓምድ ታች ላይ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይጫናል፤ ፎቅ ላይ ያለ ሮቶ ምድር ቤት ያለውን ቧንቧ እንደሚጫነው ማለት ነው። ስትራመዱ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቫልቮች እንዳይመለስ ይይዙታል። ቫልቮቹ ካልገጠሙ ግፊቱ አይወርድም፣ ደም መልሱ ይለጠጣል፣ ሲብስም ቁርጭምጭሚት አካባቢ በቀላሉ የማይድን ቁስል ይወጣል።

የፓዱዋው ፋብሪሲየስ እነዚህን ቫልቮች እ.ኤ.አ. በ1603 በሥዕል አሳተመ፤ ሥራቸውን ግን ሳተው። በደም መልስ ውስጥ ደም ወደ ልብ ብቻ እንደሚሄድ በ1628 ያሳየው ተማሪው ዊልያም ሃርቪ ነው። በ1891 ጀርመናዊው ትሬንደለንበርግ ዓምዱን ለመስበር ብሎ ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ያለውን ትልቁን ደም መልስ ማሰርን አስተዋወቀ። እኔ የምህንድስና ሰው ነኝና ይቺ ሐሳብ ትጥመኛለች፤ ብቻ ችግሩ ብዙዎች ላይ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ እነ ባብኮክ (1907) ጭራሽ መዝዘው ማውጣት ጀመሩ።

ደሙስ በየት ይሂድ? አብዛኛውን ደም ድሮም የሚሸከሙት ጥልቆቹ ደም መልሶች ናቸው። ዛሬ መምዘዙም ብዙ ቦታ ቀርቷል፤ በቀጭን ቱቦ የገባ ሌዘር ወይም የሬዲዮ ሞገድ በሙቀት ከውስጥ ይዘጋዋል። የሚደነዝዘው እግሩ ብቻ ነው፣ ታካሚው በዚያው ቀን ተራምዶ ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ግን ጥልቆቹ ክፍት መሆናቸው በአልትራሳውንድ ይታያል። እነሱ ተዘግተው ከተገኙ፣ ያ ያበጠው ደም መልስ የደሙ ማምለጫ መንገድ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ እጁን ይሰበስባል።