ከገዳም ፍርስራሽ ወደ እንግዳ ማረፊያ

አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ለሆቴል አገልግሎት እንዲውል ሲወሰን በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ የመኝታ ክፍሎቹ ብዛት ሳይሆን፣ ከታሪኩ የትኛው ዘመን ይጠበቅ የሚለው ነው። ታሪኩ ሕንፃው ሲታነጽ የነበረው መልክ ብቻ ነውን? ወይስ የተተወበትና የፈረሰበት ዘመንም የታሪኩ ክፍል ነው? ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት ሥራዎች አንዱ በሰሜን ፖርቱጋል፣ በአማሬስ ወረዳ የሚገኘው የሳንታ ማሪያ ዶ ቦውሮ ገዳም ነው።

የገዳሙ ታሪክ እስከ 12ኛው ምእት ዓመት ድረስ ይዘልቃል። የሲስተርሲያንን ሥርዓት የሚከተሉ የካቶሊክ መነኮሳት ለብዙ ዘመናት ኖረውበታል፤ በ17ኛውና በ18ኛው ምእት ዓመትም በጥቁር ድንጋይ ሳይሆን አገሩ በሚያፈራው ግራናይት አስፋፍተው ገንብተውታል። ይሁን እንጂ በ1834 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፖርቱጋል የእርስ በርስ ጦርነት በሊበራሎቹ ድል ሲፈጸም፣ መንግሥቱ የመነኮሳትን ማኅበራት በዐዋጅ በተነ፤ ንብረታቸውንም ወረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ለአጥቢያው ሕዝብ ሲቀር፣ የመነኮሳቱ መኖሪያ ግን ጠባቂ አጥቶ ጣራው ወደቀ፤ በግንቡ አናት ላይም ሣርና ቁጥቋጦ በቀለበት።

ፖርቱጋል «ፖውዛዳ» የተባሉትን የመንግሥት እንግዳ ማረፊያዎች መክፈት የጀመረችው በ1942 በኤልቫሽ ነበር። ቆየት ብሎም ግንቦችና ገዳማት ለዚሁ አገልግሎት ዋሉ፤ የኤቮራው የሎዮሽ ገዳም በ1965 ማረፊያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። የዘመኑ የቅርስ ጥገና ልማድ ግን ሕንፃን ወደ አንድ የተመረጠ ጥንታዊ መልክ የመመለስ ነበር። በኋላ የተጨመረው እየተነሣ፣ የጎደለውም በጥንቱ አምሳል እየተሠራ ይሟላ ነበር።

የቦውሮን ሥራ በ1989 የጀመረው የኪነ ሕንፃ ባለሙያ ኤድዋርዶ ሶውቶ ደ ሞውራ ከባልደረባው ከኡምቤርቶ ቪዬይራ ጋር ሌላ መንገድ መረጠ። በእርሱ አስተያየት ተግባሩ የቀድሞውን ገዳም መመለስ ሳይሆን፣ በተገኘው ድንጋይ አዲስ ሕንፃ መሥራት ነበር። ስለዚህ ቀይ ሸክላ የለበሰ ተዳፋት ጣራ ከማቆም ይልቅ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣራ ዘርግቶ አፈርና ሣር አለበሰው፤ በዚህም የፍርስራሹ ቅርጽ ከሩቅ ሳይለወጥ ቀረ። የመስኮቶቹን ክፈፍ ከድንጋዩ ጀርባ ሰወረ፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው መስኮቶቹ ዛሬም ባዶ ይመስላሉ። በቅስቶች የተከበበው የውስጥ ግቢ ጣራ ሳይለብስ ቀረ። የመነኮሳቱ በዓት የእንግዳ መኝታ ሆነ።

ይህ ምርጫ ዋጋ አስከፍሏል። መነኮሳቱ በ1834 ጥለውት የሄዱትን ገዳም እንደነበረ ለማየት የሚመጣ ሰው አያገኘውም። ባለሙያውም ሁሉን እንዳለ አልተወም፤ አገልግሎቱ ግድ ባለበት ስፍራ ድንጋዩን አንሥቶ እንደገና ገንብቷል። ነገር ግን የጥንቱን ጣራ መልሶ መሥራት ዐዋጁ እንዳልታወጀ፣ መነኮሳቱም እንዳልተበተኑ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የወረደው ዝናብም ግንቡን እንዳልነካው ማስመሰል በሆነ ነበር።

ማረፊያው በ1997 ተፈጸመ። ሶውቶ ደ ሞውራም በ2011 በኪነ ሕንፃ ሙያ ከፍተኛ ክብር ያለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተቀበለ። ለቅርስ ጠባቂዎች የተረፈው ትምህርት ግን ከሽልማቱ ይልቅ በጣራው ላይ ይታያል፤ በፍርስራሹ ዘመን ሳይዘሩት የበቀለው ሣር፣ ዛሬ በእንግዶቹ ራስ ላይ ታስቦበት የተተከለ ሆኗል።