ከጦር ካሚዮን እስከ ማኅበራችን መኪና

በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ሲገቡ የጌዲዮን ጦር ስንቅና መሣሪያ በአብዛኛው በግመል ተጭኖ ነበር። ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አለቁ። ጠላት ግን ካሚዮን ነበረው፤ ሆኖም በየካቲት ወር ዳንግላን ለቆ ሸሸ።

ጣሊያን ቢወጣም የጥገናው ቋንቋ እኛ ዘንድ ቀረ። ዛሬም ጋራዥ ስንገባ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቸራ እንላለን።

ለአሮጌ የጦር መኪና መለዋወጫ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ መካኒኮች የተበላውን ዘንግ በብየዳ ሞልተው በቶርኖ ያስተካክላሉ፤ ከቆመ መኪናም ጥርስ ፈትተው ይገጥማሉ። ይህ ብልሃት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን በብየዳ የተሞላ ብረት እንደ ፋብሪካው ስለማይጠነክር ጭነቱን መቀነስ ያስፈልጋል።

ክሮቸራ ሲላላ መኪናው በሚነሳበት ጊዜ ያንኳኳል። ችላ ከተባለ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎም ኩሽኔታውንና ዲፈረንሻሉን ያበላሻል። በጊዜው ግሪስ ቢቀባ ወይም አንዲት ክሮቸራ ብትለወጥ ኖሮ የሚድነው መኪና ማዳበሪያ በሚጓጓዝበት ወቅት መንገድ ላይ ይቆማል።

የተከበራችሁ አባላትና የሥራ አመራሮች፣ የአዊ ገበሬ ያነከሰ ፈረስ አይጭንም። ሹፌሩ "ድምፅ አለው" ሲል የጥገናውን ወጪ ሳናዘገይ እናጽድቅ። መልካም በዓል!