ኦዞን ከጭስ ማውጫ አይወጣም፦ የሜክሲኮ ሲቲ ተሞክሮ

ሜክሲኮ ሲቲ ከአዲስ አበባ በመጠኑ ዝቅ ብላ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ተቆርቁራለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ በሞተር ውስጥ በወጉ አይቃጠልም፤ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይበረታል። ዙሪያዋን የከበቧት ተራሮች ደግሞ የሚወጣው በካይ ጋዝ እንዳይበተን ያግዱታል።

ከተማዋ ብክለቱን ለመቀነስ የወሰደቻቸው እርምጃዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 መኪኖች በታርጋቸው የመጨረሻ ቁጥር እየተለዩ በሳምንት አንድ ቀን እንዳይንቀሳቀሱ ታገደ፤ በ1991 የአስካፖትሳልኮ ነዳጅ ማጣሪያ ተዘጋ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና እርሳስ ከዓመት ዓመት በእጅጉ ቀነሱ። ኦዞንም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጣሪያው ወርዷል፤ ሆኖም እልኸኛ ሆኖ ቀርቷል። የታርጋውን ደንብ የመረመረው ሉካስ ዴቪስ በ2008 ባሳተመው ጥናት አየሩን ለማሻሻሉ ማስረጃ አላገኘም። ሰዉ ለእገዳው ቀን የሚሆን ተጨማሪ መኪና፣ ብዙውን ጊዜም አሮጌ፣ ገዝቶ ነበርና።

ነገሩ በታርጋ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። ኦዞንን ማንም አይለቀውም፤ አየሩ ራሱ ይሠራዋል። ፀሐይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ትሰነጥቃለች፤ የተላቀቀው የኦክስጅን አቶም ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተጣምሮ ኦዞን ይሆናል። በአንጻሩ ከመኪና ትኩስ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ይበላል። ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች በአየሩ ውስጥ ሲበዙ ይህ ሚዛን ይዛባና ኦዞን ይከማቻል። በከተማዋ እምብርት እንደሚታየው ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ከመጠን ባለፉበት ቦታ፣ እነሱን ብቻ መቀነስ ኦዞንን ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህም ኦዞኑ የሚበረታው ጭሱ በሚወጣበት ሰፈር አይደለም። የሰሜኑን ፋብሪካዎችና የመሐል ከተማውን ጎዳናዎች ጋዝ የቀን ነፋስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲነዳው፣ ባለጸጎች የሚኖሩበት ኤል ፔድሬጋል ከፍተኛውን መጠን ሲያስመዘግብ ኖሯል። ከዚያም ከፍ ብሎ፣ በዴሲየርቶ ዴ ሎስ ሌኦኔስ ተራራማ ደን፣ የጥድ ዘመድ የሆኑት የኦያሜል ዛፎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቅጠላቸው እየረገፈ ደርቀዋል፤ ተመራማሪዎች ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ኦዞን ነው ይላሉ።

ተናኝ ውህዶቹ ከየት መጡ? ዶናልድ ብሌክና ሼርውድ ሮላንድ በ1995 የጠቆሙት ምንጭ ኩሽና ውስጥ ነበር። ከምግብ ማብሰያና ከውኃ ማሞቂያ ሲሊንደሮች ሳይቃጠል የሚሾልከው ፕሮፔንና ቡቴን፣ በተለይም በጋዙ ውስጥ ያለው ቡቲን፣ ለኦዞኑ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳዩ። (ሮላንድ ከሜክሲኮ ሲቲው ተወላጅ ማርዮ ሞሊና ጋር የላይኛውን ከባቢ አየር ኦዞን የሚያሳሳውን ኬሚስትሪ የገለጠ ሰው ነው፤ እዚህ የመረመረው ግን በከተማዋ አየር የሚከማቸውን ኦዞን ነው።)

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትራፊኩን ሲያመናምነው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በግልጽ ወረደ፤ ኦዞን ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። መኪናው ቆሞ ሳለ የየቤቱ ሲሊንደር፣ ቀለምና ማሟሟያ እንደወትሮው ይተን ነበር።