ዜና ጭና ተክለ ሃይማኖት

በ2013 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥቅምት 24 ቀን ሌሊት በፌዴራሉ መንግሥትና በሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ (ሕወሓት) መካከል የተለኮሰው ጦርነት ከተከዜ ወዲህና ወዲያ የሚኖረውን፣ በአንድ ቅዳሴ የሚያስቀድሰውን ሕዝብ ደም ካቃባ በኋላ፣ የትግራይ ሠራዊት ሰኔ 21 ቀን መቀሌን መልሶ ያዘ፤ በዚያውም ክረምት በአዲአርቃይ በኩል ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ገሰገሰ።

ጭና ከመካነ ብርሃን በስተምዕራብ፣ በዳባት ወረዳ ያለች የገበሬ መንደር ናት። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት ነሐሴ 24 በዋለ በማግስቱ ሠራዊቱ ገባባት። ወታደሩ በገበሬው ግቢ መሽጎ ከዚያው ይተኩስ ስለ ነበር ባለቤቱ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ በሁለት ጦር መካከል ቀረ፤ ከብቱ ታረደ፤ እርሱም መሣሪያ ሳይዝ በገዛ ደጁ ተገደለ። ጦሩ ነሐሴ 29 ቀን ከለቀቀ በኋላ የተረፉት ሬሳ እየለቀሙ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ቀበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ምስክር ሰምቶ በ15 ልዩ ልዩ ጊዜ 26 ሲቪሎች መረሸናቸውን ጻፈ፤ የአካባቢው ሹማምንት ሙታኑን ከ120 በላይ አደረሷቸው፤ ሕወሓት ግን ክሱን በሙሉ ካደ። በእኔ አስተያየት 26ቱ ምስክር የቆመላቸው ናቸው እንጂ የመቃብሩ ሁሉ ቁጥር አይደሉም።

ከዚህ አስቀድሞ፣ ጥቅምት 30 ቀን፣ በማይካድራ ከተማ መታወቂያ እየታየ፣ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ሳይቀር፣ አማራ የተባለ ሁሉ በገጀራና በመጥረቢያ ተጨፍጭፏል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ ዘገባው የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 600 ብሎታል። ያንጊዜም ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው የሸሸጉ ትግሬዎች ነበሩና ስማቸው ባይጻፍም ሥራቸው ሊጻፍ ይገባል።

የጎንደር ሰው ሆኖ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን የቀደሙት ጸሐፍተ ትእዛዝ የንጉሣቸውን ድል ብቻ እየመዘገቡ የባላገሩን ዋይታ በመተዋቸው የምንወቅሳቸው እኛ፣ የራሳችንን ወገን በደል ብንዘል ከእነርሱ አንሻልም። ከማይካድራ በኋላ በዚያችው ከተማ ትግሬዎች በበቀል ተገደሉ፤ ከወልቃይትና ከሁመራም አገር በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ በዘራቸው ምክንያት ተባረሩ፣ ታሰሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ መጋቢት 28 ቀን 2014 ባወጡት ዘገባ ይህን የዘር ማጽዳት አሉት፤ የአማራ ክልል ሹማምንትም በፊናቸው ካዱ።

የተባበሩት መንግሥታትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የጋራ መርማሪዎች፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ዕለት ዓመቱን ጠብቀው፣ ሁሉም ወገን በደል መፈጸሙን አስታወቁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ሰላም ተፈረመ፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውም በ2016 ሚያዝያ ወር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ይሁን እንጂ ፖሊሲው በጸደቀበት ወራት የአማራ ክልል በሌላ ጦርነት ውስጥ ነበረ።