ገበያው ሲቆም፦ ከኒውዮርክ እስከ አዲስ አበባ

ገበያ ሲደነግጥ በሩን መዝጋት የዛሬ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1873 የጄይ ኩክ ባንክ ሲወድቅ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለ10 ቀናት ተዘጋ። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲፈነዳም አውሮፓውያን አክሲዮናቸውን ሸጠው የአሜሪካን ወርቅ ያሸሹታል በሚል ስጋት ከአራት ወራት በላይ ተቆልፎ ቆየ። ሻጩ ግን አልጠፋም፤ ውጭ፣ ኒው ስትሪት ላይ ቆሞ ይገበያይ ነበር።

በእነዚያ ዘመናት የመዝጊያውንና የመክፈቻውን ቀን የሚቆርጡት ጥቂት ሹማምንት ነበሩ። የዚህ አሠራር ጉድለት በጥቅምት 1987 ጎልቶ ታየ። ኒውዮርክ ውስጥ የዳው ጆንስ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወረደ። ሆንግ ኮንግ ገበያዋን ለአራት ቀናት ዘጋች፤ በተከፈተ ዕለት ዋጋው በሲሶ ያህል አሽቆለቆለ። ፍርሃቱ ተጠራቅሞ ጠበቀ እንጂ አልበረደም።

አሜሪካ ከዚያ ተምራ፣ በኒኮላስ ብሬዲ የተመራው አጥኚ ቡድን ባቀረበው ምክር መነሻ፣ በ1988 የማቆሚያ ደንብ አወጣች። ዛሬ የኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ ከቀደመው ቀን መዝጊያ 7 ወይም 13 በመቶ ሲወርድ ግብይቱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል፤ 20 በመቶ ከደረሰ የዕለቱ ገበያ ያበቃል። በኮሮና ወረርሽኝ መባቻ፣ በመጋቢት 2020፣ ደንቡ አራት ጊዜ ሠርቷል። አንድ ኩባንያ ከባድ ዜና ሊያወጣ ሲልም የእሱ አክሲዮን ብቻ ሊታገድ ይችላል፤ ወሬውን ቀድሞ የሰማ ያልሰማውን እንዳይበላው ነው።

ደንብ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ቻይና በጥር 2016 ወሰኑን 5 እና 7 በመቶ ላይ አደረገችው። ወሰኖቹ ከመቀራረባቸው የተነሳ ነጋዴው በሩ ሳይዘጋበት ለመሸጥ ተሽቀዳደመ፤ ደንቡ ራሱ ድንጋጤን ጠራ። በአራተኛው የገበያ ቀን ተሻረ።

እኛም የዚህ ታሪክ ወራሾች ነን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ ጋር ተቋረጠ፤ ያ ለደቂቃዎች ሳይሆን ለግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀ መቆም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ።

አንድ ቀን እዚህም ግብይት ይቆም ይሆናል። እረፍቱ ጊዜ ይሰጣል እንጂ የአክሲዮኑን ዋጋ አይመልስም። ስለዚህ አክሲዮን የገዛ ሁሉ ገበያው መቼና ለምን እንደሚቆም የሚደነግገውን ሕግ ዛሬ፣ በሰላሙ ቀን፣ ያንብብ።